ከስብ የሚወጣው ሆርሞንና ስትሮክ፦ አርዕስቱ ያልነገረን

"ስብ አንጎልን ከስትሮክ ጉዳት ይጠብቃል" የሚል አርዕስት በየጊዜው ብቅ እያለ ሰዉን ያወዛግባል። ገሚሱ ደስ ብሎት ያጋራዋል። ገሚሱ ደግሞ "ውፍረት ለስትሮክ ያጋልጣል ስትሉን አልነበር እንዴ? አሁን ደግሞ ይጠብቃል?" ብሎ በሳይንሱ ተስፋ ይቆርጣል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን ሁለቱም ወገኖች የሚከራከሩት ጥናቶቹ ባላሉት ነገር ላይ ነው።

ጥናቶቹ የሚያወሩት ከስብ ሴሎች ወጥተው በደም ስለሚዘዋወሩ ሆርሞኖች ነው። ሆርሞን ማለት አንዱ የሰውነት ክፍል ለሌላው በደም በኩል የሚልከው ኬሚካላዊ መልእክት ነው። መልእክቱና ላኪው ደግሞ ለየቅል ናቸው። ይህን ልዩነት ከያዝን ታሪኩ አርዕስቱ ከሚለው ወደ ተቃራኒው ይወስደናል። ምክንያቱም ከሁለቱ ዋና ዋና ሆርሞኖች አንዱ ስብ ሲበዛ ይቀንሳል፣ ሌላው ደግሞ ስብ ሲበዛ ይበዛል፤ ግን አንጎል እየሰማው አይሄድም።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

## ስብ ጎተራ ብቻ አይደለም

የሰውነት ስብ ለረጅም ጊዜ የሚታየው እንደ ጎተራ ነበር። የተረፈ ኃይል ይገባል፣ ሲያስፈልግ ይወጣል፣ በቃ። ይህን አመለካከት በእጅጉ የቀየረው ግኝት የመጣው በ1994 ነው። በኒውዮርክ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ጄፍሪ ፍሪድማን ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ፣ ከልክ በላይ የሚወፍሩ አይጦች የተበላሸባቸውን ጂን ለየ። ይህ ጂን የሚያሠራው ፕሮቲን ከስብ ሴል ወጥቶ አንጎል ድረስ ይሄዳል። የሚያደርሰው መልእክትም "በቂ ኃይል ተከማችቷል፣ ረሃቡን ቀንስ" ዓይነት ነው። ስሙ ሌፕቲን ተባለ። ሌፕቶስ በግሪክኛ ቀጭን ማለት ነው።

ብዙም ሳይቆይ በ1995 እና በ1996 አራት የተመራማሪ ቡድኖች በየፊናቸው ሌላ ፕሮቲን አገኙ። ሁሉም የየራሳቸውን ስም ሰጡት። ዛሬ የምናውቀው አዲፖኔክቲን በሚለው ስም ነው። ይህኛው ለሆርሞን በሚገርም ብዛት ደም ውስጥ ይገኛል። በአንድ ሚሊ ሊትር ከ3 እስከ 30 ማይክሮግራም አካባቢ ነው። ሌፕቲን የሚለካው ግን በናኖግራም ነው፤ ማለትም በሺህ እጥፍ ባነሰ መለኪያ።

ሁለቱም ከስብ ይወጣሉ፣ ጠባያቸው ግን የተለያየ ነው። የሌፕቲኑ ነገር እንደሚጠበቀው ነው፤ ስብ ሲጨምር ሌፕቲን ይጨምራል። በ1999 የጃፓን ተመራማሪዎች የአዲፖኔክቲንን መጠን ከሰው ደም ሲለኩ ግን የጠበቁት አልሆነም። ወፍራም ሰዎች ላይ ያገኙት ከቀጫጭኖቹ ያነሰ ነበር። ከስብ ብቻ የሚወጣ ነገር ስብ ሲበዛ እንዴት ይቀንሳል? ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ነው፦ ከመጠን በላይ ያበጠ የስብ ሴል፣ በተለይ ሆድ ዕቃ ዙሪያ የተከማቸው፣ ራሱ ይታመማል። ኦክስጅን ያጥረዋል፣ የመከላከያ ሴሎች ይሰበሰቡበታል፣ እነሱ የሚረጩት ኬሚካል ደግሞ አዲፖኔክቲን እንዳይመረት ያፍነዋል። ስለዚህ የስቡን ክብደት አይቶ የሆርሞኑን መጠን መገመት አይቻልም።

## በስትሮክ ጊዜ የሚሞተው ምን ያህሉ ነው? መቼስ ነው?

ሆርሞኑ የቱ ጋ ሊገባ እንደሚችል ለማየት መጀመሪያ ጉዳቱ እንዴት እንደሚደርስ ማወቅ ያስፈልጋል። ስትሮክ ማለት ወደ አንዱ የአንጎል ክፍል የሚሄደው ደም ድንገት ሲቋረጥ፣ ወይም የደም ሥር ፈንድቶ ደም ሲፈስ የሚደርስ ጉዳት ነው። በ2021 በዓለም ዙሪያ ወደ 12 ሚሊዮን የሚጠጋ አዲስ ስትሮክ እንደደረሰና ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው በዚሁ ምክንያት እንደሞተ ይገመታል። ከአዲሶቹ ሁለት ሦስተኛ ገደማው የደም ሥር በመዘጋቱ የመጣ ነው። የስብ ሆርሞን ጥናቶችም በአብዛኛው የሚመለከቱት ይህንኑ ዓይነት ነው።

አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ግን ሰውነት አርፎ ሳለ ከሚጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶውን አካባቢ ይወስዳል። ለክፉ ቀን የሚሆን ስንቅም የለውም። ጄፍሪ ሴቨር የተባለ አሜሪካዊ የነርቭ ሐኪም በ2006 ባወጣው ስሌት መሠረት፣ አንድ ትልቅ የአንጎል ደም ሥር ተዘግቶ ካልታከመ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን የነርቭ ሴል ይሞታል።

ሁሉም ግን በአንዴ አይሞትም። ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው። ደም ጨርሶ የተቋረጠበት መሐለኛው ክፍል በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል። በዙሪያው ያለው ግን ከጎረቤት ደም ሥሮች ትንሽ ትንሽ ደም ስለሚደርሰው ሥራውን ያቆማል እንጂ ወዲያው አይሞትም። ይህ ክፍል ፔኑምብራ ይባላል። ቃሉ ፀሐይ ስትጋረድ በሙሉ ጥላና በብርሃን መካከል የሚታየውን ከፊል ጥላ የሚያመለክት ነው፤ ለአንጎል የተዋሰው በ1981 ነው። ፔኑምብራ ውስጥ ያለ ሴል በሰዓታት ውስጥ ወይ ይድናል ወይ ወደ ሞተው ክፍል ይቀላቀላል። የስትሮክ ሕክምና ሩጫ በሙሉ ይህን ክፍል ለማትረፍ ነው።

ሴሉ የሚሞትበት መንገድም አንድ አይደለም። ኃይል ሲያጣ በግድግዳው ላይ ያሉት ጨው የሚያመላልሱ ፓምፖች ይቆማሉ። ከዚያ ግሉታሜት የሚባለው የነርቭ መልእክት አስተላላፊ ከልክ በላይ ይፈስና ጎረቤት ሴሎችን ያለ ዕረፍት ይቀሰቅሳል። ካልሲየም ወደ ሴሉ ይጎርፋል። የሴሉ ኃይል ማመንጫ የሆነው ሚቶኮንድሪያ ይጎዳል። በየአቅጣጫው ያገኙትን የሚያበላሹ የኦክስጅን ቅንጣቶች ይፈጠራሉ። ሰዓታት ሲያልፉ ብግነት ይከተላል፤ ብግነት ማለት የመከላከያ ሴሎች ተቆጥተው የሚያመጡት እብጠትና ጉዳት ነው። አንዳንዱ ሴል ደግሞ ውስጡ የተጻፈውን ራስን የማጥፋት ፕሮግራም ይጀምራል። የሚገርመው፣ የተዘጋው ሥር ተከፍቶ ደም ሲመለስ እንኳ በአንዴ የሚገባው ኦክስጅን ተጨማሪ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል።

ይህ ሁሉ ሰንሰለት ስለሆነ የሆነ ቦታ ላይ መበጠስ ይቻል ይሆናል የሚል ተስፋ ከ40 ዓመት በላይ አስቆጥሯል። ደሙን ከመክፈት ውጭ ሴሉን ራሱን አጠንክሮ ለማቆየት የሚደረገው ይህ ጥረት የነርቭ ሴል ጥበቃ ይባላል። የስብ ሆርሞኖቹ የገቡትም በዚህ በር ነው።

## አዲፖኔክቲን፦ ከደም ሥሩ ግድግዳ የሚጀምር ጥበቃ

ከጥናቶቹ ሁሉ በግልጽነቱ የሚለየው በ2008 ሰርኩሌሽን በተባለው የልብና የደም ሥር ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ነው። ተመራማሪዎቹ አዲፖኔክቲን ጨርሶ የማይሠሩ አይጦችንና ጤነኛ አይጦችን ወሰዱ። የአንጎልን ትልቁን የደም ሥር ለ1 ሰዓት ዘግተው መልሰው ከፈቱት። ሆርሞኑ የሌላቸው አይጦች ላይ የሞተው የአንጎል ክፍል ሰፋ። በተቃራኒው አስቀድሞ ተጨማሪ አዲፖኔክቲን እንዲያመርቱ የተደረጉት ላይ ጠበበ።

እስከዚህ ድረስ "ሆርሞኑ ሲኖር ጉዳቱ ያንሳል" ከማለት አያልፍም። ጥናቱን ጠንካራ ያደረገው ቀጣዩ እርምጃ ነው። የደም ሥር ግድግዳ ውስጠኛው ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ያመነጫል። ይህ ጋዝ ሥሩን ያላላዋል፣ ደምም እንዲያልፍ ይረዳል። ጋዙን የሚያመርት አንድ ኢንዛይም አለ፤ ኢንዛይም ማለት በሰውነት ውስጥ ኬሚካላዊ ሥራ የሚያከናውን ፕሮቲን ነው። ይህ ኢንዛይም በጂን ደረጃ በጠፋባቸው አይጦች ላይ አዲፖኔክቲን ቢጨመር ምንም አላተረፈም። ስለዚህ ጥበቃው የሚያልፈው፣ ቢያንስ በዚህ ሙከራ፣ በደም ሥሩ ግድግዳ በኩል ነው። ሆርሞኑ ሥሩን ያላላል፣ ወደ ፔኑምብራው ትንሽ ተጨማሪ ደም ይደርሳል፣ ሴሉም ጊዜ ያገኛል።

ይህ አንድ የቆየ ጥያቄንም ያቃልላል። በአንጎልና በደም መካከል ጥብቅ አጥር አለ። የአንጎል ደም ሥር ግድግዳ ሴሎች እጅግ ተጠጋግተው የሠሩት ማጣሪያ ነው፤ ብዙ ነገር አያሳልፍም። አዲፖኔክቲን ደግሞ ብዙ ቅጂው ተያይዞ የሚዞር ትልቅ ሞለኪውል ነው። በአንጎልና በአከርካሪ ዙሪያ ባለው ፈሳሽ ውስጥ የሚገኘው መጠን ደም ውስጥ ካለው በጣም ያነሰ ነው። ከዚህ ተነስተው "አንጎል ውስጥ ካልገባ እንዴት ይጠብቀዋል?" የሚሉ ነበሩ። መግባቱንና መጠኑን በተመለከተ ክርክሩ አልተዘጋም። ግን የሚሠራው ከግድግዳው ላይ ሆኖ ከሆነ መግባት አይጠበቅበትም።

ሌሎች የላብራቶሪ ሥራዎች ብግነትን እንደሚያረግብና የሚያበላሹትን የኦክስጅን ቅንጣቶች እንደሚቀንስ አሳይተዋል። የሚናገርባቸው ተቀባዮችም ይታወቃሉ። ተቀባይ ማለት ሴሉ ላይ ተቀምጦ መልእክቱን የሚያነብ ፕሮቲን ነው። ሁለቱን ዋና ዋናዎቹን የለየው በ2003 የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነበር።

## ሌፕቲን፦ በቀጥታ ለነርቭ ሴሉ

የሌፕቲን መንገድ ሌላ ነው። አጥሩን የሚሻገርበት የራሱ ማጓጓዣ አለው። ተቀባዮቹም ረሃብን ከሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል ውጭ፣ ለማስታወስ ወሳኝ በሆነው ሂፖካምፐስና በሌሎችም ቦታዎች ይገኛሉ። ይህ ራሱ ሌፕቲን ከረሃብ ያለፈ ሥራ እንዳለው ይጠቁማል።

በ2007 ስትሮክ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ነገሩን በሁለት ደረጃ ፈተሸ። መጀመሪያ በሳህን ላይ ያደጉ የነርቭ ሴሎች ኦክስጅንና ስኳር ተነፈጋቸው። ሌፕቲን የተሰጣቸው የበለጠ ተረፉ። ቀጥሎ የአንጎል ደም ሥራቸው ለጊዜው የተዘጋባቸው አይጦች ሌፕቲን ሲወጉ የሞተው ክፍል አነሰ፣ እንቅስቃሴያቸውም የተሻለ ሆነ። በሴሉ ውስጥ መልእክቱን ተቀባብለው የሚያደርሱት ኢንዛይሞች በመድኃኒት ሲታገዱ ጥበቃው ጠፋ። እነዚህ ኢንዛይሞች በአጭሩ ለሴሉ "አትሙት፣ ራስህን ጠግን" የሚል ትዕዛዝ የሚያስተላልፉ ናቸው።

ሌፕቲን ግን ጎጂ ጎንም አለው፤ ይህ ሊደበቅ አይገባም። በብዛት ሲኖር ለጭንቀት ጊዜ የሚነሳውን የነርቭ ሥርዓት ያነቃቃል፣ ያ ደግሞ የደም ግፊትን ይገፋል። የላብራቶሪ ሥራዎች ደም የሚያረጉትን ቅንጣቶች እርስ በርስ እንዲጣበቁ እንደሚያግዝም አሳይተዋል። የደም ግፊትና የረጋ ደም ደግሞ ስትሮክ የሚያመጡት እነሱው ናቸው። እንግዲህ ያው ሆርሞን ስትሮክ ከደረሰ በኋላ ለሰዓታት ሊጠቅም፣ ከዚያ በፊት ለዓመታት በብዛት ሲኖር ግን ሊጎዳ ይችላል ማለት ነው። ጊዜውና መጠኑ ሁሉን ይለውጣል።

## ታዲያ የወፈረ ሰው የበለጠ ይጠበቃል?

አይጠበቅም። መልእክቱ ሁለት ቦታ ላይ ይሰናከላል። አዲፖኔክቲን ከመነሻው አይላክም፤ ቀደም ብለን እንዳየነው የታመመው የስብ ሴል ምርቱን ይቀንሳል። ሌፕቲን ደግሞ ይላካል፣ እንዲያውም በብዛት ይላካል፣ ግን አንጎል ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ይህ የሌፕቲን መልመድ ወይም አለመታዘዝ ይባላል። ማጓጓዣው ይሞላል፣ ወደ አንጎል የሚሻገረው ድርሻ ይቀንሳል፣ ተቀባዩም ይደክማል።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው የሌፕቲን የራሱ ታሪክ ነው። ሆርሞኑ እንደተገኘ ለውፍረት መድኃኒት ይሆናል የሚል ትልቅ ተስፋ ነበር። በ1999 የወጣው ዋናው ሙከራ ግን ውጤቱ ከሰው ሰው በጣም የሚለያይና በአብዛኛው መጠነኛ እንደሆነ አሳየ። ቀድሞውንም ብዙ ሌፕቲን ያለው ሰው ላይ ሌላ መጨመር ብዙም ለውጥ አላመጣም። በሌላ በኩል ሰው ሠራሽ ሌፕቲን በ2014 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ለማን ነው ቢባል፣ የሰውነት ስብ ጨርሶ ለጠፋባቸው ብርቅ በሽተኞች ነው። እነሱ ላይ መልእክቱ ስላልነበረ ሲመጣ ይሰማል።

"ግን እኮ ወፍራሞች ከስትሮክ በኋላ የተሻለ ይተርፋሉ የሚሉ ጥናቶች አሉ" የሚል ካለ ልክ ነው፣ አሉ። የውፍረት ተቃርኖ በሚል ስም ይታወቃሉ። ሆርሞኖቹን ለዚህ እንደ ማብራሪያ የሚያቀርቡ ተመራማሪዎችም አልጠፉም። የሚቃወሟቸው ግን ከበድ ያለ መከራከሪያ አላቸው። ወፍራም ሰው ስትሮክ የሚይዘው በአማካይ ከቀጭኑ ባነሰ ዕድሜ ነው፤ ዕድሜው ያነሰ ደግሞ የተሻለ ይተርፋል። ቀጭን ከሚባሉት ውስጥ ብዙዎቹ የቀጠኑት ካንሰር ወይም ሌላ የቆየ በሽታ ስላለባቸው ነው። በ2014 ከ70 ሺህ በላይ ታማሚዎችን የያዘውን የዴንማርክ መዝገብ የመረመረ ጥናት ሞቱን በስትሮኩ ራሱ ምክንያት የደረሰውን ብቻ ለይቶ ሲያይ ተቃርኖው አልታየውም። ያየው ውፍረት በጨመረ ቁጥር ስትሮኩ ቀደም ብሎ እንደሚመጣ ነው። ለእኔ ይህኛው ክርክር ያመዝናል።

## ሰው ላይ የታየው ምንድን ነው?

እዚህ ማስረጃው ይበታተናል። በ2005 የወጣ ጥናት ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሮክ የያዛቸውን 160 ሰዎች ተከታትሎ፣ ሲታመሙ አዲፖኔክቲናቸው ዝቅ ያለው በቀጣዮቹ ዓመታት የበለጠ እንደሞቱ አሳየ። ከአይጡ ታሪክ ጋር ይገጥማል። ግን በዕድሜ የገፉና የልብ ድካም ያለባቸው ሰዎች ላይ የተሠሩ ሌሎች ጥናቶች ተቃራኒውን አገኙ፤ አዲፖኔክቲን ከፍ ያለባቸው የበለጠ ይሞታሉ። ይህም የአዲፖኔክቲን ተቃርኖ ተባለ። አንዱ ማብራሪያ፣ ሰውነት ሲታመምና ሲከሳ ሆርሞኑን ለመከላከል ብሎ ያበዛዋል፣ ስለዚህ ከፍታው የበሽታው ምልክት እንጂ ምክንያቱ አይደለም የሚል ነው። ሌላው ማብራሪያ ደግሞ እንደ ሌፕቲኑ ተቀባዩ መስማት አቁሞ ይሆናል ይላል። ሁለቱም ደጋፊ አላቸው።

ከሁሉ የበለጠ የሚያስተምረው አንድ የስኳር በሽታ መድኃኒት ነው። ፒዮግሊታዞን የደም አዲፖኔክቲንን በግልጽ ከፍ ያደርጋል። በ2016 ውጤቱ የታተመው አይሪስ የተባለው ሙከራ 3,876 ሰዎችን አሳትፏል። ሁሉም ስትሮክ ወይም ጊዜያዊ የአንጎል ደም እጥረት የደረሰባቸው፣ ስኳር በሽታ የሌለባቸው ግን ሰውነታቸው ኢንሱሊንን በቅጡ የማይታዘዝ ነበሩ። አምስት ዓመት ገደማ በፈጀ ክትትል ከማስመሰያው ቡድን፣ ማለትም መድኃኒት የሌለበት ክኒን ከተሰጠው፣ 11.8 በመቶው ዳግመኛ ስትሮክ ወይም የልብ ደም ሥር ሲዘጋ የሚመጣው ድንገተኛ የልብ ሕመም ደረሰበት። ከመድኃኒቱ ቡድን 9 በመቶው ነው የደረሰበት።

ይህ የአዲፖኔክቲን ሥራ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ መድኃኒቱ ብዙ ነገር በአንዴ ይቀይራል። የለካውም ዳግመኛ እንዳይመጣ መከላከሉን እንጂ ስትሮክ በደረሰበት ሰዓት ሴል ማትረፉን አይደለም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። መድኃኒቱን የወሰዱት ሰዎች ክብደት ጨመሩ። ክብደት ጨምሮ አዲፖኔክቲንም ጨመረ፣ ምክንያቱም መድኃኒቱ ስቡን ከሆድ ዕቃ ዙሪያ ወደ ቆዳ ሥር ያዛውራል፣ ጤነኛ ትናንሽ የስብ ሴሎችም እንዲፈጠሩ ያደርጋል። የስቡ ጤንነትና የተቀመጠበት ቦታ ከኪሎው በላይ እንደሚናገር ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም። የሰውነት ማበጥና የአጥንት ስብራት ግን በመድኃኒቱ ቡድን ውስጥ በዝቶ ታይቷል፣ ስለዚህ ያለ ዋጋ የተገኘ ጥቅም አልነበረም።

## አይጥ ላይ የሠራው ለምን ሰው ላይ ይከሽፋል?

ይህን ክፍል ሳያነቡ ስለ ስትሮክ "አዲስ ተስፋ" ማጋራት ከባድ ስህተት ነው። በ2006 የወጣ አንድ ትልቅ ቆጠራ ለስትሮክ የተሞከሩ 1,026 የሕክምና ዓይነቶችን ዘርዝሯል። ብዙዎቹ እንስሳ ላይ ሠርተዋል። ሴልን የሚጠብቅ ተብሎ በሰው ላይ በማያሻማ መልኩ የተረጋገጠ ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም።

የሴይንት ሙከራዎች ታሪክ እዚህ ላይ ይጠቀሳል። የሚያበላሹትን የኦክስጅን ቅንጣቶች የሚያመክን አንድ መድኃኒት በ2006 በወጣው የመጀመሪያ ትልቅ ሙከራ ተስፋ ሰጥቶ ነበር። በዓመቱ ከ3 ሺህ በላይ ታማሚዎችን ይዞ የወጣው ሁለተኛው ሙከራ ምንም ጥቅም አላገኘም። በ2020 ደግሞ ኔሪኔታይድ የተባለ የግሉታሜትን ጉዳት የሚያግድ መድኃኒት 1,105 ሰዎች ላይ ተሞከረ። ከመድኃኒቱ ቡድን 61.4 በመቶው፣ ከማስመሰያው 59.2 በመቶው ጥሩ አገገመ። ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችለው አልዘለለም።

ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው። የላብራቶሪ አይጥ ወጣት፣ ጤነኛና አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው። ስትሮክ የሚይዘው ሰው ግን ብዙ ጊዜ በዕድሜ የገፋ፣ ግፊት፣ ስኳርና የልብ ችግር የተደራረበበት ነው። አይጡ የሚዘጋበት የደም ሥር ተመርጦ፣ ሰዓት ተቆጥሮ ነው፤ መድኃኒቱንም የሚያገኘው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ወይም በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ሰው ሆስፒታል የሚደርሰው ከሰዓታት በኋላ ነው፣ አንዳንዱም ተኝቶ ስለነበር መቼ እንደጀመረው አያውቅም። የአይጥ አንጎል ነጩ ክፍል፣ ማለትም የነርቭ ገመዶች የሚተላለፉበት፣ ከሰው ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ነው። ከዚህ ላይ አንዳንድ ጥናቶች የትኛው እንስሳ ምን እንደወሰደ መርማሪው እያወቀ የተሠሩ መሆናቸው ሲታከል ውጤቱ ከእውነታው በላይ ያብባል። በ1999 ተመራማሪዎችና የመድኃኒት ኩባንያዎች ተሰብስበው የእንስሳ ጥናት ሊያሟላ የሚገባውን መመዘኛ ያወጡት ይህን ችግር አይተው ነበር።

የአዲፖኔክቲኑን ጥናት በዚህ ሚዛን ስናየው ሆርሞኑ የተጨመረው ስትሮኩ ከመድረሱ በፊት ነው። መንገዱን ለማወቅ በጣም ጥሩ ነው። ለሕክምና ግን ገና ሩቅ ነው።

## መድኃኒት ቢሆን ምን ዓይነት ይሆናል?

አዲፖኔክቲንን ራሱን አምርቶ መስጠት አስቸጋሪ ነው። በትክክል ተጣጥፎና ተያይዞ ካልተሠራ አይሠራም። ስለዚህ ተቀባዩን የሚያነቁ ትናንሽ ሞለኪውሎች እየተፈለጉ ነው። ያው የቶኪዮ ቡድን በ2013 አዲፖሮን የተባለ፣ በአፍ የሚወሰድና አይጥ ላይ የሚሠራ ሞለኪውል አስተዋውቋል። ከዚያ ወዲህ በስትሮክ አይጦች ላይም ተሞክሯል።

ዘመኑ አንድ ጥሩ ነገር ይዟል። የረጋ ደምን የሚያሟሟው መድኃኒት ጥቅሙ የታየው በ1995 ነበር፤ ያኔ በ3 ሰዓት ውስጥ መሰጠት ነበረበት። በ2008 ወደ 4 ሰዓት ተኩል ተራዘመ። በ2015 ደግሞ በተከታታይ የወጡ ሙከራዎች በቀጭን ቱቦ ገብቶ የረጋውን ደም ጎትቶ ማውጣት ብዙ ሰው እንደሚያድን አረጋገጡ፤ በ2018 ለተመረጡ ታማሚዎች እስከ 24 ሰዓት ድረስ እንደሚጠቅም ታየ። ይህ ለሴል ጠባቂ መድኃኒቶች አዲስ ዕድል ነው። ድሮ ሥሩ ተዘግቶ ስለሚቀር መድኃኒቱ የሚደርስበት መንገድ አልነበረም። አሁን ሥሩ ይከፈታል። በተጨማሪም የአይጡ ሙከራ፣ ዘግቶ መክፈት፣ ከሰው ሕክምና ጋር ከበፊቱ የበለጠ ይመሳሰላል።

የስብ ሆርሞን የሚመስል መድኃኒት ትክክለኛ ቦታ የሚሆነውም እዚሁ ነው፦ ታማሚው ሥሩ እስኪከፈትለት ድረስ ፔኑምብራውን ማቆየት። ይህ ማለት ቶሎ መሰጠት አለበት፣ ምናልባትም አምቡላንስ ውስጥ። አምቡላንስ ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ የአንጎልን ምስል የሚያነሳ መሣሪያ የለም። ሥሩ ተዘግቶ ይሁን ፈንድቶ አይታወቅም። አዲፖኔክቲን የሚሠራው ናይትሪክ ኦክሳይድን አብዝቶ ሥር በማላላት ከሆነ ይህ ጥያቄ ከባድ ነው። በብሪታንያ ይህንኑ ጋዝ የሚለቅ የቆዳ ላይ መድኃኒት በአምቡላንስ ባለሙያዎች እጅ ለ1,149 ሰዎች የተሰጠበት ሙከራ ነበር፤ ውጤቱ በ2019 ሲወጣ ማገገምን እንዳላሻሻለ ታየ። ደም የፈሰሰባቸው ታማሚዎች ላይ ደግሞ ጉዳት ሊያመጣ እንደሚችል የሚጠቁም ነገር ነበረ። ሆርሞኑ ከጋዙ የሚለየው ብግነትንም ስለሚያረግብና ኢንዛይሙን ባለበት ቦታ ስለሚያነቃ ነው የሚሉ አሉ። ይህ እውነት መሆኑን የሚለየው፣ ሽማግሌና ግፊት ያለባቸው እንስሳት ላይ፣ ስትሮኩ ከጀመረ ከሰዓታት በኋላ፣ ደም የፈሰሰባቸውንም ጨምሮ የሚደረግ ሙከራ ነው።